የአፈር ጥናት ክፍል ለቅሶ

ድልድሉ የሚወጣው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ጀምሮ በግቢው ውስጥ የሚራመድ ሰው አይታይም። መምህሩም ተማሪውም በየበሩ ቆሞ ከበሩ በላይ የተሰቀለችውን ሰሌዳ ያያል። ሰሌዳዋ ብልጭ ትልና ስሙ ይለወጣል፤ ወይም አይለወጥም። ካልተለወጠ ሰው ተጨባብጦ፣ "እንኳን ተረፍን" ተባብሎ ይገባል። ከተለወጠ ደግሞ ዕቃውን በካርቶን ይዞ አዲሱ ስሙ ወዳለበት ሕንፃ ይሄዳል። በሁለት ሰዓት ተኩል ትምህርት ይጀመራል።

ነገሩ የተጀመረው እኔ ተማሪ ሳለሁ ነው። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍሎቻቸውን ከገበያው ጋር እንዲያስተካክሉ ተባለ። መጀመሪያ በአምስት ዓመት አንዴ ነበር፣ ቀጥሎ በየዓመቱ፣ ቀጥሎ በየሴሚስተሩ። አሁን በየሳምንቱ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ጠዋት የነርስ ተማሪ ሆና ወጥታ ለምሳ ስትመለስ የመጋዘን ፍሰት ተማሪ ሆና ነበር። እናቷ ምሳዋን አቀረቡላት። በከተማችን ወላጆች ልጆቻቸውን "ምን ትማሪያለሽ?" ብለው መጠየቅ ትተዋል። "ይህን ሳምንት ምን ነሽ?" ነው የሚሉት።

ስሜ ድንቅነሽ ጡሚሶ ነው። በቆርኬ ዩኒቨርሲቲ አፈር ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የእኛ ክፍል ሰሌዳ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም፤ ልዩ ጥበቃ ነበረን። ምግቡ ሁሉ ያለ አፈር በማማ ላይ በሚበቅልበት ዘመን ጥበቃው ለምን እንደተሰጠን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። እኛም ማንንም አልጠየቅንም። መምህሯ እኔ ነበርኩ፣ ተማሪዋ ደግሞ ነኢማ።

ነኢማ ሸምሱ አፈርን ራሷ መርጣ የመጣች ልጅ ናት። በድልድሉ ዘመን መርጦ የመጣ ተማሪ ያየሁት እሷን ብቻ ነው። መመረቂያ ጽሑፏ ስለ እናቷ ጓሮ ነበር፦ እንሰት የቆመበት አፈር ከአጥሩ ማዶ ካለው ይልቅ ለምን ጠቆረ፣ ለምንስ ውኃ ያዘ? ሦስት ዓመት ሙሉ በየዕረፍቱ ስልጤ እየሄደች በከረጢት አፈር ተሸክማ ትመጣለች። ጽሑፏን ለማቅረብ አምስት ሳምንት ሲቀራት፣ አንድ የሐምሌ ሰኞ፣ ጥበቃችን ተነሳ። ሰሌዳችን ብልጭ ብላ እንዲህ አለች፦

"የአፈር ጥናት። ተማሪ አንድ። እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ሃያ አራት ካልሞላ ወደ መስተንግዶ መረጃ ክፍል ይታጠፋል።"

ክፍሉ ከታጠፈ ነኢማ የመስተንግዶ መረጃ ተማሪ ትሆናለች፤ ጽሑፏም ባለቤት የሌለው ሆኖ ይሰረዛል። ልጅቷ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አነበበችና፣ "ቲቸር፣ እስከ ሐሙስ ድረስ መሥራት እችላለሁ አይደል?" አለችኝ። ትችያለሽ አልኳት። ገብታ አፈሯን መንፋት ጀመረች። እኔ ደጅ ቀርቼ ማንም ሳያየኝ አለቀስኩ።

አሁን ስለ እድሩ ልናገር። የዩኒቨርሲቲያችን ሠራተኞች እድር የሞተ ሰው ብቻ አይደለም የሚቀብረው። የትምህርት ክፍል ሲታጠፍም ድንኳን ይጥላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ይህ የተጀመረው ሰዎች በአንድ ሰኞ ሃያ ዓመት የኖሩበትን ስም ሲያጡ ምን እንደሚባሉ ማንም ስላላወቀ ነው። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ከማለት የተሻለ ነገር አልተገኘም። ሒሳብ ክፍል የታጠፈ ጊዜ ግን ጉድ ሆነ። መምህራኑ በዚያው ቀን ወደ ሌላ ከተማ ተመድበው ስለሄዱ እድሩ ባዶ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ የሚያጽናኑት ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ሰዉ በጣም አፈረና የእድሩ ሕግ ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ የሚለቀሰው ማስታወቂያው በወጣ ማግስት ነው፤ ሟቹ ገና በሕይወት ሳለ፣ ሀዘንተኛውም በቦታው ሳለ።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ላጲሶ ጥሩምባውን ነፋ። ጋሽ ላጲሶ የጥበቃ ኃላፊም የእድሩ ዳኛም ነው። በር ላይ ሲፈትሸኝ "ቲቸር፣ እንዴት አደሩ?" ይለኛል። በለቅሶ ግን "አንቺ" ነው የሚለኝ፤ እድር የራሱ ማዕረግ አለው።

"የአፈር ጥናት ክፍል በጠና ታሟል! ሐሙስ ያርፋል! አባላት ዛሬ ሦስት ሰዓት!"

ድንኳኑ ከክፍላችን ፊት ለፊት ተተከለ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሐምሌ ዝናብ ወርዶ ግማሹን ጣለው። ጋሽ ላጲሶ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ጭቃ ሆኖ ወደ በሬ መጣ።

"ድንቅነሽ፣ ሰዉ በሰበሰ። መማሪያ ክፍል አሥራ አራትን ክፈቺው።"

"ክፍሉ ገና አልሞተም!"

"አውቃለሁ። እዚያው ውስጥ ሆነን እናለቅስለታለን።"

ገቡ። ወጥ ቤቶች፣ ሾፌሮች፣ አትክልተኞች፣ የዶርም ተቆጣጣሪዎች፣ ከሌሎች ክፍሎች የመጡ መምህራን በተማሪ ወንበሮች ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የካፌዋ ዋና ወጥ ቤት እትዬ አየለች የንፍሮ ድስቷን የምታስቀምጥበት አጥታ የነኢማ ናሙናዎች ያሉበት ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ከኋላ ያሉት ካርታ መጫወት ጀመሩ፤ ለቅሶ ቤት ያለ ካርታ አይሆንም። ነኢማ ወደ እኔ መጣች።

"ቲቸር፣ የት ልሥራ? ሦስት ቀን ነው የቀረኝ፤ እነሱ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ስንዴ እየበሉ ነው።"

ልጅቷ የመጨረሻ ሦስት ቀኗን ሊያጽናኗት በመጡ ሰዎች መነጠቋ አንጀቴን አቃጠለው። ለጋሽ ላጲሶ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። እሱ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ሀዘንተኛ ይቆጣል፤ ደግ ነው" ብሎ ንፍሮ አቀረበልኝ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የእድሩ ጸሐፊ ደምሴ ተነሳ። ደምሴ የመብራት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ድምፁ ግን ጉድ ነው። በእድር ስም ጥሪ አይቀርም። ማን ለቅሶ እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ በስም ይታወቃል። መዝገቡን ገልጦ አንድ በአንድ ጠራ።

"አየለች ሄራሞ!"

"አለሁ!"

"ላጲሶ ዋዳ!"

"አለሁ!"

እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ወረደ። ረቡዕም ያው ሆነ። ሐሙስም ያው ሆነ። ረቡዕ ዕለት ዲናችን ዶክተር ያዕቆብ ሳይቀር መጥቶ አንድ ሰዓት ያህል አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ እሱም የእድሩ አባል ስለሆነ ስሙ ሲጠራ "አለሁ" አለ። ነኢማ መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና፣ መጻፏን አላቆመችም።

ሐሙስ ሣልስቱ ነበር። በእድሩ ሕግ መሠረት በሦስተኛው ቀን ሀዘንተኛው ተነስቶ ለቀስተኛውን ያመሰግናል፤ ያን ጊዜ ለቅሶው ያበቃል፣ ሰዉም ይሄዳል። አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ላጲሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ድንቅነሽ፣ እንግዲህ አመስግኝን።"

"አላመሰግንም።"

ካርታ ተጫዋቾቹ ቀና አሉ።

"ማን ጠራችሁ?" አልኩ። "ልጅቷ ሦስት ቀን ወለል ላይ ሠራች። ያለ እናንተ ብንሆን ቢያንስ በሰላም እንሞት ነበር። ለዚህ ምስጋና የለኝም።"

ከዚህ የባሰ ነውር በሠፈራችን የለም። እትዬ አየለች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ ላጲሶ ግን አልተቆጣም፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ነው።

"ሀዘንተኛው ሳያመሰግን ለቅሶ አያበቃም። ለቅሶ ሳያበቃ አባል አይቀርም" አለ። "በቃ፣ ነገም እንመጣለን።"

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ወጥተን ሰሌዳዋ ሥር ቆምን። የነኢማ እጅ እጄ ውስጥ ነበር። ሰሌዳዋ ብልጭ አለች።

"የአፈር ጥናት። ተማሪ ስልሳ አራት። ይቀጥላል።"

ከዚያ ደምሴ፣ "ስልሳ ሦስቱ እነማን ናቸው?" አለ። መጀመሪያ የገባት ነኢማ ናት። ድልድሉን የሚያወጣው ማሽን በየክፍሉ ያዳምጣል፤ በትምህርት ሰዓት ስሙ ተጠርቶ "አለሁ" ያለን ሰው ሁሉ ይቆጥራል። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ የፈለገውን ትምህርት መማር ይችላል የሚል አንቀጽም አለ፤ ለዓመታት ማንም ስላልተጠቀመበት ሁላችንም ረስተነዋል። ድልድሉ አልረሳም። የተማሪዎቹን ዝርዝር ስንከፍት ሦስቱ ቀናት በሥርዓት ተመዝግበዋል። ካርታው "የቡድን ሥራ" ተብሏል። ንፍሮው "የናሙና ምርመራ" ሆኗል።

"እኔ ምን አደረግኩ?" አለች እትዬ አየለች።

"አለሁ ብለዋል፣ እትዬ" አለቻት ነኢማ። ይህን ስትል ሳቀችም አለቀሰችም።

ደስታችን እስከ ዓርብ ጠዋት ነበር። ዶክተር ያዕቆብ መጣ። ያን ሳምንት የአገልግሎት ፍሰት ዲን ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ምን እንደነበር እሱም የሚያስታውስ አይመስለኝም። ክፉ ሰው አይደለም። ፊት ለፊት ቆሞ በእርጋታ አስረዳ። ምዝገባው ስህተት ነው። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ስሙን ጠርቶ "የለሁም" የሚል ሁሉ ያለ ምንም ችግር ይወጣል። ከእኩለ ቀን በኋላ የቀረ ግን እንደማንኛውም ተማሪ ነው፤ በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ያህል መማር አለበት፣ ሦስት ቀን ካቋረጠ ከሥራው ይታገዳል።

ነኢማ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆማ የእግሯን ጫፍ ታያለች። እኔ ትናንት የሰደብኳቸው ሰዎች ፊት ነበርኩ። ምን ብዬ ልለምናቸው?

የመጀመሪያው ተነሺ ሾፌሩ ሲሳይ ነበር። "ሚስቴ አራስ ናት፤ ይቅርታ ቲቸር፣ ሲሳይ ጋቢሶ የለሁም" አለና ወጣ። ሌሎች ስምንት ሰዎች ተከተሉት፤ እያንዳንዳቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው፣ በአንዳቸውም አልተቀየምኩም። እያንዳንዱን "የለሁም" ግን እቆጥር ነበር። አሥረኛ ሆና አንዲት አትክልተኛ ስትነሳ ጋሽ ላጲሶ በትሩን መሬት ላይ መታ።

"የሚሄድ ይሂድ፤ ግን ነገሩን እንወቀው። እኛ እዚህ የተቀመጥነው ለትምህርት ነው እንዴ? ለቅሶ ላይ ነን። ሀዘንተኛዋ አላመሰገነችም። እኔ ዳኛ ሆኜ ሰው በሀዘኑ መሐል ጥሎ የሚሄድ እድር አልመራም።"

"ጋሽ ላጲሶ፣ ይህ እኮ የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው" አለ ዲኑ።

"ይሁን። ዶክተር፣ ለመሆኑ እርስዎ ዝርዝሩን አይተውታል? አርባ አንደኛው እርስዎ ነዎት።"

ዶክተር ያዕቆብ ዝርዝሩን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ባለው ባዶ ወንበር ተቀመጠና ኮቱን አወለቀ። አትክልተኛዋም ተመልሳ ተቀመጠች። እኩለ ቀን ሲሆን ከነነኢማ ሃምሳ አምስት ተማሪ ነበረን።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን አምስት ሳምንታት እንዴት ልንገራችሁ። ለዓመታት ለአንድ ተማሪ ስንሾካሾክ የኖርኩ ሰው በድንገት ጮኼ ማስተማር ነበረብኝ። አፈርን በእጅ መለየት አስተማርኳቸው፦ ጭብጥ አፈር ውኃ ታጠጫለሽ፣ ትለውሻለሽ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋሽ እንደ ጥብጣብ ታወጫለሽ። ቶሎ የሚበጠሰው አሸዋማ ነው፤ ሳይበጠስ የሚረዝመው ዋልካ ነው። እኔ ይህን ለመልመድ አንድ ሴሚስተር ፈጅቶብኛል። እትዬ አየለች በሁለተኛው ቀን ዓይኗን ጨፍና አምስት ዓይነት ለየች። አርባ ዓመት ሊጥ ያቦካ እጅ ነው። "ይኼ ገና አልለሰለሰም፣ ውኃ ጨምሪበት" ትለኛለች፣ መምህሯን። ዲኑ ጥብጣቡ እየተበጠሰበት ተቸገረ፤ ጋሽ ላጲሶ አጠገቡ ተቀምጦ አውራ ጣቱን ይዞ ያሳየው ነበር።

ማንም ሳያዛቸው እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ጓሮ አፈር ይዘው መምጣት ጀመሩ። በፌስታል፣ በጣሳ፣ ደምሴ በአምፖል ካርቶን። ነኢማ ከወለሉ ተነስታ በመካከላቸው እየዞረች፣ እንሰት ካለበትና ከሌለበት ቦታ እንዴት ለይተው እንደሚያመጡ፣ እንዴት እንደሚነፉ፣ ውኃ የሚይዘውን እንዴት እንደሚለኩ አሳየቻቸው። አንድም ሰው ሦስት ቀን አልቀረም። የታመመ ተደግፎ ይመጣል። ሁለት ሰዓታቸውን ተቀምጠው ወደ ድስታቸው፣ ወደ መኪናቸው፣ ወደ በራቸው ይመለሳሉ። በየጠዋቱ ደምሴ ስም ይጠራል፤ በየጠዋቱ "አለሁ" ይላሉ። እኔ ጠመኔ ይዤ ጀርባዬን ሰጥቻቸው እቆማለሁ፣ ፊቴን እንዳያዩ።

የነኢማ ቀን ደረሰ። ፈታኞቹ ሁለት ድምፆች ናቸው፤ ከየት እንደሚመጡ አይነገርም፣ በጣራው በኩል ይሰማሉ። ነኢማ ንጹሕ ሻሽ አስራ ቆመች። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳትንተባተብ ስለ እናቷ ጓሮ ተናገረች፤ እናቷ በየቀኑ ከቤት የምታወጣው አመድና እበት፣ የሚረግፈው ኮባ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አፈሩን ምን እንዳደረገው። ስትጨርስ የመጀመሪያው ድምፅ ጠየቀ።

"ጥናቱ የአንድ ጓሮ ነው። ያጠናሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ውጤቱን ሌላ ሰው ደግሞ ሞክሮታል?"

እኔ ጥያቄውን ሦስት ዓመት ሙሉ እፈራው ነበር። አንድ መምህርና አንድ ተማሪ ባሉበት ክፍል ማን ይሞክራል? ብቻችንን ብንሆን ኖሮ ነኢማ እዚያ ላይ ትወድቅ ነበር። እሷ አፏን ሳትከፍት ከሦስተኛው ረድፍ ወንበር ተንቀሳቀሰ።

"እኔ ሞክሬአለሁ" አለች እትዬ አየለች ጣሳዋን ከፍ አድርጋ። "አየለች ሄራሞ። ሆሳዕና መንገድ፣ ከወፍጮው ጀርባ። የእንሰቱ ሥር ውኃ ይይዛል፤ ከአጥር ውጭ ያለው አይዝም። ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ።"

"እኔም" አለ ደምሴ። "ካርቶኔ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል።"

"ላጲሶ ዋዳ። የእኔ ጓሮ እንኳ እንሰት የለውም፤ የለውም ለማለት ነው የመጣሁት። አፈሩም ነጭ ነው፣ ውኃም አይዝም።"

"ያዕቆብ ለማ" አለ ዲኑ፣ ፌስታሉን ይዞ። "ጥብጣቤ ይበጠሳል። ልኬቴ ግን ከእሷ ጋር ይስማማል።"

አንድ በአንድ ሁሉም ተነሱ። ከዚያ ሁለተኛው ድምፅ፣ "ሃምሳ አራት ማረጋገጫ ተመዝግቧል" አለ። "አልፋለች።"

እልልታው መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ነኢማ እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች፤ እትዬ አየለች ጎትታ አቀፈቻት። ጋሽ ላጲሶ ሁሉም እስኪረጋጋ ጠበቀና ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ የዳኛ ድምፅ ነበር።

"እንግዲህ የልጅቷ ነገር በሰላም አለቀ። ሰዉም ከሥራው ሰዓት እየቀነሰ አምስት ሳምንት ከርሟል። ድንቅነሽ፣ ተነሺና አመስግኝን፤ ለቅሶውም ያብቃ።"

ተነሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ ያን ቃል ለማለት የዚያን ቀን ያህል የጓጓሁበት ጊዜ የለም። ሃምሳ አምስት ፊት ያየኛል፤ ጣቶቻቸው እስከ አንጓው ጭቃ ናቸው። ባመሰግን ተነስተው ይሄዳሉ፣ ሕጉ ነው። በማግስቱ ደምሴ የሚጠራው ስም አይኖርም። ዞር ብዬ አየሁ፤ ዣንጥላውን ያነሳ፣ ኮቱን የለበሰ አንድም ሰው የለም። እትዬ አየለች ጣሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ክዳኑን እየገጠመች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና በጣም በትንሹ፣ ሌላ ሰው በማያይበት መጠን፣ ራሷን ነቀነቀች፦ እንዳትይው።

"ነገ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ጉድጓድ እንቆፍራለን" አልኩ። "ሁለት ሜትር እንወርዳለን። ቦቲ ያለው ቦቲ አድርጎ ይምጣ።"

ተቀመጥኩ። ጋሽ ላጲሶ አየኝ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረ።

"ጻፍ፣ ደምሴ። ሀዘንተኛዋ አላመሰገነችም።"

ይህ ከሆነ አራተኛ ዓመታችን ነው። ነኢማ አሁን ከእኔ ጋር ታስተምራለች። እትዬ አየለች ባለፈው ሐምሌ ተመረቀች፤ በማግስቱ ተመልሳ መጥታ ከመጀመሪያ ዓመት ጀመረች። በከተማው የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ምስጋና ቢስ ይሉኛል፤ በእድሩም መዝገብ ላይ እንዲሁ ተጽፌአለሁ። እያንዳንዳቸውን በስም አውቃቸዋለሁ፣ ልጆቻቸውን አውቃለሁ፣ የጓሯቸውን አፈር በጣቴ አውቃለሁ። እነዚህን ሰዎች እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብያቸው ግን አላውቅም።